የአባባ ኪስ

የልጅ ልጅ ያዩ ሴቶች ጠረጴዛ ከበው፣ የመጫወቻ ካርታ በምታህል ቁራጭ ካርቶን ላይ ቢራቢሮ ሲለጥፉ አይቶ የማያውቅ ሰው ምንም አልቀረበትም። እኔ ግን አይቻለሁ። ያውም በየወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት፣ በስደት በምኖርበት ከተማ ፎርድስበርግ ሰፈር ያለውን የመጋረጃ ሱቄን ለሰው አደራ ሰጥቼ፣ ታላቅ እህቴን ዕቃ በምጭንበት ባኪዬ ይዤ ወደ ሰሜኑ ሰፈር እየወሰድኩ። እህቴ መንጃ ፈቃድ የላትም። ታክሲውም ወደዚያ ሰፈር ቅዳሜ እንደ ልብ አይገኝም። እዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከታየ ወይ የቤት ሠራተኛ ነው፣ ወይ ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ ነው።

ስብሰባው የሚደረገው በአንድ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። እያንዳንዷ ሴት በእጇ የሠራቻቸውን ትንንሽ ካርዶች ይዛ ትመጣለች። የሳለችም አለች፣ የሰፋችም፣ ከአሮጌ መጽሔት ቆርጣ የለጠፈችም። ካርዶቿን ጠረጴዛ ላይ ትደረድርና የሌሎቹን እየዞረች ታያለች፤ የወደደችውን ካገኘች አንድ ሰጥታ አንድ ትወስዳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው፤ መለዋወጥ እንጂ መሸጥ ክልክል ነው። ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከደን እያደረጉ ነበር፤ ከሲና ተራራ የወረደ ትእዛዝ ነው የሚመስለው። እኔ የምኖረው በመሸጥ ነው። ሁሉ የሞላላቸው ሰዎች ገበያ ገበያ ሲጫወቱ ማየት አያስቀኝም።

የሚሠሩትንስ ብታዩት! ጃንጥላ የያዘ ጃርት። ኮፍያ ያደረገች ድመት። ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ልብ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ተስፋ» የሚል። ለዚህ ሁሉ ልዩ መቀስ፣ ልዩ ማኅተም፣ ልዩ ሙጫ አላቸው፤ አውሮፕላን የሚሳፈሩ ይመስል ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተቱ ነው የሚመጡት። የሁሉም አለቃ አንዲት ረጅም ነጭ ሴትዮ ናት። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተንሸራሸረች የሰውን ሥራ ታደንቃለች። «ኦ፣ እንዴት ደስ ይላል!» የማትለው ነገር የለም። ለጃርቱም ትለዋለች፣ ለሻዩም፣ ለዝናቡም። ዕድሜዋ አንቱ ያሰኛል፤ እኔም መጀመሪያ አካባቢ በልቤ አንቱ እላት ነበር። ኋላ በሆነው ነገር አንቱታዬን መልሼ ወስጄባታለሁ።

እህቴ እዚህ ነገር ውስጥ የገባችው በደንበኛዋ ምክንያት ነው። ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ስፓዛ አላት፤ ያው ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የስልክ ኤርታይም የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነው። ከፊቷ ከባንኮኒው እስከ ጣሪያው የብረት ፍርግርግ ተተክሏል። ዕቃው የሚወጣው በፍርግርጉ መሐል ባለች ቀዳዳ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የምታየው የሰው እጅ ነው ማለት ይቻላል። እዚያው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸው ናቸው አንድ ቀን ዳቦ ሊገዙ መጥተው ቀይ ዶሮ የተሳለባት ካርድ በቀዳዳው ያሾለኩላት። «ላንቺ ነው ሲሲ፣ እህቴ፤ ግን አንቺም አንድ ሠርተሽ ትሰጪኛለሽ» አሏት። እህቴ የሻይ ካርቶን ቆረጠችና ያንኑ ፍርግርግ ከውስጥ በኩል ሆኖ እንደሚታየው ሳለችው፤ በቀዳዳው የገባ አንድ እጅ ብቻ ጨመረችበት። ጎጎ ሲያዩት «ሃይቦ!» ብለው በመደነቅ ጮኹ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ በልጃቸው መኪና ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ እሳቸው ጉልበታቸውን አሟቸው ቀሩ። እህቴ ግን አልቀረችም፤ ሾፌሯ እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ በጣም ነው የተናደድኩት። ከንጋት እስከ ማታ ቆማ የምትውል ሴት፣ ያለቻትን አንዲት ዕረፍት ወረቀት ስትቆራርጥ ታሳልፋለች? «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ ሆንሽ?» እላታለሁ። «አንቺ ደግሞ መጋረጃሽን ሽጪ» ትለኛለች። ካርቶኗ ከሱቅ የተረፈ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ነው። መቀሷ የስኳር ከረጢት የምትከፍትበት ነው። ሙጫዋን በዱቄት ታበጀዋለች። እነዚያ በሻንጣ ሲመጡ እሷ በብስኩት ቆርቆሮ ትመጣለች። አንድ የማመሰግናት ነገር ቢኖር ካርዶቿ ላይ ቢራቢሮ የለም። የምትስለው የምታየውን ነው፤ የተጨማደደ እጅ፣ ቀለበት ያደረገ እጅ፣ ሳንቲም ጨብጦ የላበው የሕፃን እጅ። ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ስትስቅ አያታለሁ፤ ሱቁ ውስጥ እንዲያ ስትስቅ አይቼያት አላውቅም። የምነዳው ለዚያ ሳቅ ስል ነው እንጂ ለእነሱ ስኮን ለሚሉት የሻይ ዳቦ ብዬ አይደለም፤ ስኮኑ ደረቅ ነው።

የእኛም ሰዎች ነገሩን ሳይነካኩት አልቀሩም። እህቴ ቸርች ውስጥ ብታወራ፣ ቮስሎሩስ ሱቅ ያላቸው ሁለት ሴቶች ካልሄድን ብለው ተነሱ። አንድ ዓይነት ጥቅስ፣ አንድ ዓይነት ጽጌረዳ፣ ማተሚያ ቤት አሳትመው በካርቶን ሙሉ ይዘው መጡ። ጅምላ! «በእጅ የተሠራ መሆን አለበት እኮ» ስላቸው «በእጃችን አይደል የቆረጥነው?» አሉኝ። ትንሽ ቆይታ አንደኛዋ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «ቆይ፣ ትርፉ ምኑ ላይ ነው?» አለችኝ። ትርፍ የለውም አልኳት። «አይ የጠገበ ሰው!» ብላ ሻይዋን ጨልጣ ተነሳች፤ ዳግም አልተመለሱም። ባለችው ነገር ብስማማም በካርዳቸው አፍሬያለሁ።

አሁን ወደ አባታችን ኪስ ልምጣ። አባባ ሆሳዕና ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። አስተማሪ ሆኖ ግን በዕድሜው አንድ እስክሪብቶ ገዝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከባንክ ሠራተኛ፣ ከቀበሌ ጸሐፊ፣ ከተማሪ፣ ከጎረቤት ይዋሳል፤ ጽፎ ሲጨርስ ሳያስበው ግራጫ ኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ ይሰካዋል። ክፋት አልነበረበትም፤ እጁ ለምዶበት ነው። ሰዎች እስክሪብቷቸውን ፍለጋ ቤታችን ድረስ ይመጡ ነበር፤ እናታችን እያፈረች ኪሱን ፈትሻ ትሰጣቸዋለች። አንድ ጊዜ ከእነዚያ የሰው እስክሪብቶዎች አንዱ ኪሱ ውስጥ ፈሰሰና ከግርጌው ሰፋ ያለ ሰማያዊ እድፍ ተወ። እናታችን በሎሚም በበረኪናም ፈተገችው፤ አልለቅ አላት። አባባ ከነእድፉ ለብሶት ኖረ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሩቅ የምንለየው በዚያ ሰማያዊ ነበር።

ሲሞት እኔ ሄድኩ፣ እህቴ ቀረች። የእኔ ወረቀት ያስወጣል፣ ያስገባልም። የእሷ የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ ከወጣች መመለሻ የላትም፣ ልጆቿ ደግሞ እዚህ ናቸው። የአባቷን ለቅሶ በስልክ ተቀመጠች። አገር ቤት እንደ ልማዱ የሟች ልብስ ለዘመድ ሲከፋፈል ኮቱ ለአጎታችን ልጅ ደረሰ። እሱ ሳይወስደው በፊት እኔ ጓዳ ገባሁና ኪሱን በምላጭ ተርትሬ አወጣሁት። የአጎታችን ልጅ እስከ ዛሬ ደረቱ ላይ ኪስ የሌለው ኮት ለብሶ ይዞራል ብዬ አስባለሁ፤ ይቅር ይበለኝ፣ ግን ኮት በነፃ አግኝቶ ምን ያማርራል። ተመልሼ ስመጣ ኪሱን ለእህቴ በፍርግርጉ ቀዳዳ አቀበልኳት፤ ደንበኛ ቆሞ ስለነበር በሩን መክፈት አልቻለችም።  በአንድ እጇ ኪሱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ፣ በሌላው ለሰውየው ዳቦውን ሰጠችው።

ከጊዜ በኋላ ካርድ አደረገችው። ስሰማ ጮኽኩባት። «የአባባን ኪስ ካርድ? ከእነዚያ ጃርቶች ጋር ልትደረድሪው?»

«ቀኑን ሙሉ ስዳብሰው ጨርቁ ሊያልቅብኝ ነው» አለች። «እንዲህ ሲሆን ይቀመጥልኛል።»

ስታሳየኝ ግን ከእጇ ተቀብዬ አገላበጥኩት። የሻይ ካርቶኑን በልኩ ቆርጣ፣ ኪሱን ከሁለቱ ጎኑና ከግርጌው በሰማያዊ ክር ሰፍታዋለች። አፉን አልሰፋችውም፤ እንደ ድሮው ክፍት ነው፣ ጣት ይገባበታል። ሌላ ጌጥ የሚባል ነገር የለበትም፣ እድፉ ብቻ ነው ያለው። ጀርባው ላይ በአማርኛ «አባባ» ብላ ጽፋለች። ለማሳየት ብቻ ነው፣ አልለውጠውም ብላ በብስኩት ቆርቆሮዋ ይዛው ሄደች።

በዚያ ቅዳሜ እኔ ከሻዩ አጠገብ ቆሜ ያንን ደረቅ ስኮን እታገላለሁ። ባለ መነጽሯ እየተንሸራሸረች እህቴ ጋ ደረሰች። ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ስታይ መነጽሯን አደረገች። ለጃርት የምትለውን አላለችም፤ ጣቷን ኪሱ ውስጥ ከተተች። «ይህ በጣም ያምራል» አለች። «በጣም፣ በጣም ያምራል።»

እህቴም እንዳሳደጓት አንገቷን ሰበር አድርጋ «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አለቻት።

የአገሬ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እኛ ዘንድ ሰው ዕቃሽን ካደነቀ «ውሰጂው» ነው የሚባለው። ጫማም ከሆነ «ላውልቅልሽ?» ይባላል። ያደነቀውም ሰው «ኧረ ባንቺ ነው የሚያምረው!» ብሎ ይመልሳል፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ፣ ዕቃውም ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናታችን ሻርፕዋን ስንት ጊዜ «ውሰዱት» ብላለች! የወሰደባት የለም። ሆሳዕና ውስጥ እንዲህ ተብሎ እውነት መስሎት የሰው ሻርፕ ይዞ የሄደ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እስከ ዛሬ በየለቅሶው ቤት ይወራበት ነበር።

ይቺ ግን ወሰደችው። «እውነትሽን ነው? ኦ፣ እንዴት ደግ ነሽ!» ብላ እህቴን እቅፍ አደረገቻትና ካርዱን አልበሟ ውስጥ ሰካችው። አጸፋውንም አልረሳችም፣ ሕግ ነዋ። ጃንጥላ የያዘውን ጃርት አውጥታ እህቴ መዳፍ ላይ አኖረችላት። እህቴ ፈገግ እንዳለች ቀረች፤ ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ። 

መኪና ውስጥ እንደገባን መታገሥ አልቻልኩም። «ምን ነካሽ? የምን ውሰጂው ነው?»

«አደነቀችዋ! ምን ልበላት ታዲያ?»

«አመሰግናለሁ በያት! እዚህ አገር አመሰግናለሁ ነው የሚባለው!»

«አፌ ቀደመኝ» አለች። ከዚያ ጃርቱን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ማልቀስ ጀመረች። አባባ የሞተ ጊዜ ስታለቅስ በስልክ ሰምቻት ነበር፤ በዓይኔ ግን ያየኋት ያን ቀን ነው።

ተመልሼ ልቀበላት ብዬ መኪናውን ላዞር ስል መሪውን ያዘችብኝ። «እንዳታደርጊው! በአፌ ሰጥቼ መልሺልኝ ልበላት? ሰው ምን ይለኛል? አባባስ ቢሰማ ምን ይላል?»

«አባባ የሰው እስክሪብቶ መልሶ አያውቅም» አልኳት። አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ካርድ መሥራት ተወች። የብስኩት ቆርቆሮዋን መደርደሪያው ላይ ከሳሙናው ጀርባ ሸጎጠችው። ሰዎች መጥተው «ሳዎቦና» ብለው ሰላም ሲሏት የምትመልሰው በግድ ነው። በስልክ ስንነጋገር ስለ ዳቦ መኪናው መዘግየት ታወራኛለች፣ ስለ መብራቱ መጥፋት ታወራኛለች፤ ስለ ኪሱ አንዲት ቃል አትተነፍስም። እኔ ግን የምታስበው ሌላ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። አባቷን መቅበር አልቻለችም፤ ከእሱ የደረሳት ያች ጨርቅ ብቻ ነበረች፤ እሷንም በገዛ አፏ ሰጥታ ገባች። በሴትዮዋ ተናድጄ ሥራዬን እንኳን በቅጡ መሥራት አቃተኝ። ደንበኛ መጋረጃዬን «ያምራል» ባለኝ ቁጥር እፈራ ጀመር።

አንድ ቀን እህቴ ሱቅ ጋ ስቆም ጎጎን አገኘኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው። በዱላቸው ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ታዲያ ለምን አልነገራችኋትም?» አሉ። ነውር ስለሆነ ነው አልኳቸው። «እናንተ ሰዎች ኩልድሪንክ፣ አንዲት ለስላሳ፣ ለመጋበዝ እንኳን ትደባደባላችሁ» አሉ እየሳቁ፤ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል ስትባባሉ ወረፋው ስንት ጊዜ ቆሞብኛል። ሂጂና በአፍሽ ንገሪያት።» ደስ አላለኝም። የእኛን ነገር በእነሱ ሚዛን ሲመዝኑብኝ ደስ አይለኝም። ደግሞ እኔ የራሴ ዘዴ ነበረኝ።

ዘዴዬ ይህ ነበር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሴትዮዋ ፊት ቆሜ ካርዱን አደንቃለሁ። ደጋግሜ አደንቃለሁ። ሰው ሆና ከተፈጠረች አንድ ቦታ ላይ «ውሰጂው» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ እኔ እምቢ አልልም፤ እንደ እሷው ላጥ አድርጌ እወስዳለሁ። እህቴን ጎትቼ ወሰድኳት። ካርድ አልያዘችም። ጃርቱን ብቻ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋዋለች፤ ምን ልታደርግበት እንደሆነ አልነገረችኝም።

አዳራሹ እንደ ወትሮው ነው። ብልጭልጩ፣ ሻንጣው፣ ስኮኑ ሁሉም በየቦታው አለ። ባለ መነጽሯ አልበሟን ከፍታ ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እህቴ ራቅ ብላ ከበሩ አጠገብ ቀረች።

«ይህ ካርድ በጣም ያምራል» አልኳት ኪሱን እያሳየሁ፤ የእድፉ ቦታ በእጇ ተሸፍኖብኝ ነበር።

«አይደል?» አለች።

«ከሁሉም ይበልጣል።»

«እኔም እንደዚያው ነው የማስበው! የእህትሽ ነው እኮ።»

«እንዲህ ያለ ካርድ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«በእርግጥ!» አለችና ክንዴን ቸብ ቸብ አደረገችኝ። «እህትሽን ሌላ እንድትሠራልሽ ጠይቂያት።»

ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ድንጋይ ቢሆን ኖሮ «እንኪ» ይል ነበር።  አንድ ጊዜ ደግሜ ላደንቅ አፌን ስከፍት እጇን ከካርዱ ላይ አነሳች። «ደግሞ እይው» አለች ኩራት ባለበት ድምፅ፤ «እዚህ ግርጌው ላይ አስቀያሚ እድፍ ነበረበት። ቀለም ሳይደፋበት አልቀረም፤ ምስኪኗ ሳታየው ቀርታ ይሆናል። በጥጥና በስፒሪት ቀስ ብዬ ስንት ቀን ለፋሁበት፤ ይኸው ለቀቀ።»

አየሁት። ሰማያዊው የለም። በቦታው የሻይ ጠብታ የመሰለች ፈዛዛ ክብ ብቻ ቀርታለች። እናታችን በሎሚና በበረኪና ዕድሜዋን ሙሉ ያልቻለችውን ይቺ ባለ ሰንሰለት በጥጥ አጥፍታዋለች፤ ሥራ ፈት ሰው ምን ይሳነዋል!

ከዚያ በኋላ ዘዴ የሚባል ነገር አላስታውስም። «ይህ የአባታችን ኪስ ነው» አልኳት፤ አዳራሹ ሁሉ ዘወር አለ። «የሞተው የአባታችን ኮት ኪስ ነው። ያ እድፍ የእሱ ነበር። እህቴ ልትቀብረው እንኳን አልቻለችም። ውሰጂው ያለችሽ ለወጉ ነው፤ አንቺ ደግሞ አይሆንም ማለት ነበረብሽ! ማንም ጨዋ ሰው አይሆንም ይላል!»

ሴትዮዋ አመድ መሰለች። «አላወቅኩም» አለች። «ለምን አልነገረችኝም? አምላኬ፣ ለምን አልነገረችኝም?» ካርዱን ከአልበሙ አወጣች፤ ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና በቀጥታ እህቴ ጋ ሄደች። ልንቃት ፈልጌ ነበር፤ ዓይኗ እንባ ስለሞላ እሱንም እንደ ልቤ አላደረግኩትም። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብላ ካርዱን በሁለት እጇ ዘረጋችላት። «እባክሽ፣ መልሰሽ ውሰጂው።»

እህቴ፣ ያች ወሩን ሙሉ በዚህ ካርድ ምክንያት ምግብ አልበላ ያላት እህቴ፣ ምን አለች?

«ኧረ ግድ የለም» አለች። «ይሁን፣ ይሁን፣ አንቺው ያዢው።»

አንድ ጊዜ ደግሞ ብትለመን ኖሮ ትቀበል ነበር። ወጉ ነዋ፣ መጀመሪያ እምቢ ማለት ግዴታ ነው። ሴትዮዋ ግን ቃል የሰማችውን ቃል አድርጋ የምትወስድ ፍጥረት ናት፤ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችና እጇን መሰብሰብ ጀመረች። የእህቴ ዓይን ካርዱን እየተከተለ ሲሄድ አየሁ። ሁለቱ ጨዋዎች እንዲህ ሲከባበሩ የአባቴ ኪስ ዳግመኛ አልበም ሊገባ ነው! ጠረጴዛውን ዞሬ፣ አንዷን ባለ ሻንጣ ገፍቼ ደረስኩና ካርዱን ከሴትዮዋ እጅ መነተፍኩት።  እህቴ፣ ፊቷ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ቦርሳዋን ከፈተችና ጃርቱን አውጥታ በሴትዮዋ ባዶ እጅ ላይ አስቀመጠችላት።

መኪና ውስጥ ገባን። «አዋረድሽኝ» አለች። ካርዱን ጭኗ ላይ ወረወርኩላት። ገና አላየችውም ነበር። አነሳችውና ግርጌውን አየች። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አየችው። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። እድፉ መጥፋቱን የምነግርበት አፍ አልነበረኝም፤ በዚያች ሴትዮ ላይ ያለኝን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ፣ የእህቴን ጩኸት እጠብቅ ነበር። አልጮኸችም።

ሮቦቱ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ ቀይ ሆነና ቆምኩ። እህቴ እጇን ዘረጋችና ከፊቴ ፀሐይ መከላከያው ላይ የሰካሁትን እስክሪብቶ መዘዘች፤ የሱቄን እስክሪብቶ፣ ሰማያዊውን። ቀፎውን ፈታ ቀጭኑን የቀለም ቧንቧ አወጣች፤ ጫፉን እንደ ተማሪ በጥርሷ ነቀለችና በመስኮት ተፋችው። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ቧንቧውን ዘቅዝቃ ኪሱ ውስጥ ሰካችው።

«ምን እያደረግሽ ነው? የእኔ እኮ ነው!»

ካርዱን ቀጥ አድርጋ ይዛ ትጠብቃለች።

«ይህ የአባባ ቀለም አይደለም» አልኳት።

«አባባ መቼ የራሱ ቀለም ኖሮት ያውቃል?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ጋር እንባዬም መጣ፤ ሮቦቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው ታክሲ ሲያስጮኽብን ሁለታችንም አልሰማንም። ኮዝሞ ሲቲ ስንደርስ ከኪሱ ግርጌ ሰማያዊው ብቅ ብሏል፤ ከድሮው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። በሚቀጥለው ወር ደወለችና ለቅዳሜ ባኪውን እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ፤ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ምን እንዳላት አሁንም አይገባኝም። እስክሪብቶዬን እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።